አንድ ወር ያለ ዲሽ፦ የሀገራችንን ቴሌቪዥን በስልክ ብቻ አየሁት

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከነነፋሱ መጣና ዲሻችንን ከኮንዶሚኒየሙ ጣራ ላይ ገለበጠው። ጠዋት ወጥቼ ሳየው ሰሃኑ ተጣሟል፣ ኤልኤንቢው (ሲግናሉን የሚቀበለው ጭንቅላቱ) ተሰብሯል፣ ገመዱ ከጎረቤት ልብስ ማስጫ ጋር ተጠላልፏል። ዲሽ ሠሪው ጋ ደወልኩ። "ዛሬ ነገ እመጣለሁ" አለኝ። የዲሽ ሠሪ ዛሬ ነገ ስንት ቀን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ተናደድኩና "ተወው በቃ፣ ሁሉም ጣቢያ ዩቲዩብ ላይ አለ አይደል እንዴ" ብዬ አንድ ወር ሙሉ በስልክ ብቻ ለማየት ወሰንኩ።

እማዬን አላማከርኳትም። የመጀመሪያው ስህተቴ እሱ ነው።

ዕቃዬን ልንገራችሁ። ስልኬ መካከለኛ አንድሮይድ ነው። ቤት ዋይፋይ የለንም፣ የምንጠቀመው የሞባይል ዳታ ነው። ቴሌቪዥናችን ፍላት ይባል እንጂ የድሮ ስለሆነ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አያውቅም። ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ገዝቼ ሞከርኩ፣ ከስልኬ ጋር አልተግባባም፣ ሻጩም አልመልስም አለ። ስለዚህ እማዬ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ነው የምታየው። ይሄን ምስል በጭንቅላታችሁ ይዛችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም ጣቢያዎቹ ፕሮግራም ሲሠሩ ይሄ ምስል በጭንቅላታቸው ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ሂሳቡ ነው። ዲሽ አንዴ ከተሰቀለ፣ ሪሲቨሩ አንዴ ከተገዛ በኋላ የሀገር ውስጥ ጣቢያዎችን ስታዩ ሳንቲም አትከፍሉም። ለሳተላይቱ የሚከፍለው ጣቢያው ነው፣ እሱም በዶላር። 2012 ላይ ሰፈሩ ሁሉ ጣራ ላይ ወጥቶ ሰሃኑን ሲያዞር የነበረው ትዝ ይላችኋል? ጣቢያዎቹ በፊት የነበሩበት ሳተላይት፣ ናይልሳት፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፣ የተዛወሩበት ኢትዮሳት የተባለው ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ ስለዚህ ዲሹ ከአንዱ የሰማይ ዳር ወደ ሌላው መዞር ነበረበት። ያኔ የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች በማኅበራቸው በኩል ተሰብስበው ነው አንድ ላይ የገቡት። እኛ የከፈልነው ለዲሽ ሠሪው ብቻ ነበር።

ስልክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጣቢያው ፕሮግራሙን ዩቲዩብ ላይ ሲጭን ለማሰራጫ ብሎ የሚከፍለው የለም፣ እንዲያውም ማስታወቂያ ከገባበት ገንዘብ ያገኝበታል። የማሰራጫውን ወጪ የምሸፍነው እኔ ነኝ። በደቂቃ። ስለዚህ ጣቢያው ደቂቃዬን ባባከነ ቁጥር የሚያባክነው ብሬን ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህች ሂሳብ የመጣ ነው፣ ነጭናጫ መስዬ ከታየሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጣቢያ የቶክ ሾው ፕሮግራሙን አራት ቦታ ቆራርጦ ነው የሚጭነው። ክፍል 1፣ ክፍል 2፣ እያለ። እሺ፣ መቆራረጡ ራሱ ጥፋት አይደለም። ግን እያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ላይ ያው የመግቢያ ሙዚቃ፣ ያው የሚሽከረከር ሎጎ፣ ያው "ይህንን ፕሮግራም ስፖንሰር ያደረጉልን" ዝርዝር፣ ከዚያ ደግሞ "ባለፈው ክፍል" ተብሎ አሁን ከ30 ሰከንድ በፊት ያየሁት ነገር። ሁለት ደቂቃ ይሄዳል። አራት ጊዜ ሁለት ስምንት። በ480 ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ በግምት ግማሽ ጊጋ ይበላል። ስምንቱ ደቂቃ ወደ 70 ሜጋባይት ነው ማለት ነው፣ ለሚሽከረከር ሎጎ! ቴሌቪዥን ላይ ቢሆን በዚያ ሰዓት ተነስቼ ቡና እቀዳለሁ፣ ማንም አይጎዳም።

ዳታ ለመቆጠብ ጥራቱን ወደ 144 አወረድኩት። በሰዓት ከ100 ሜጋ ብዙም አይበልጥም፣ ግሩም ነው። ችግሩ ዜና አንባቢው ፊት የለውም። እማዬ ዜና ከፍቼላት ትንሽ ካየች በኋላ "ሰውዬው ምን ሆኖ ነው? ታሟል እንዴ?" አለች። በ240 ዳነ።

ጽሑፉ ግን አልዳነም። ከስር የሚሄደው ዜና፣ የተናጋሪው ስምና ማዕረግ፣ የምንዛሪ ሠንጠረዡ፣ ሁሉም ለሳሎን ቴሌቪዥን የተሠራ ነው። ስልክ ላይ ጉንዳን ነው የሚመስለው። በጣም ያሳዘነኝ ደግሞ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ ነች። በትልቁ ቴሌቪዥን እንኳ ጥግ ላይ ነበረች፣ ስልክ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር አክላለች። መስማት ለተሳነው ሰው እኮ ዜናው እሷ ናት። ለስልክ የሚጫነው ቪዲዮ ላይ እሷን ማሳደግ ምን ይከብዳል? ኤዲት የሚያደርገው ልጅ አንድ መስኮት ነው የሚጎትተው።

አሁን ጥሩውን ልናገር፣ ስላማረርኩ ምንም ጥሩ የለም እንዳይመስላችሁ።

የቃለ መጠይቅ ፕሮግራም ለስልክ የተፈጠረ ነው። ሰይፉ ፋንታሁን በኢቢኤስ የሚያቀርበው ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እንግዶቹ ለየብቻቸው ስለሚጫኑ የምትፈልጉትን ሰው ስም ጽፋችሁ ታገኛላችሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቃችሁ "አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል" ማለት የለም። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ታክሲ ውስጥ በጆሮዬ ብቻ የሰማሁት ብዙ ነው፣ ምስሉ ቢቀር አይጎድልበትም። ኢቢኤስ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሁለት ሀገር እግሩን አንፈራጦ የቆመ ጣቢያ ነው። 2000 ላይ ሲጀምር መቀመጫው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። እዚያ ያለውና እዚህ ያለው አንድ ፕሮግራም እንዲያይ ያኔ ሳተላይት ግድ ነበር። ዛሬ አንድ ቪዲዮ ይጫናል፣ ከስር ያለው አስተያየት ላይ "ከቤሩት"፣ "ከሚኒሶታ"፣ "ከደሴ" እያለ ሰው ይሰለፋል። ከፕሮግራሙ አስተያየቱን ወድጄ ያነበብኩባቸው ቀኖች አሉ፣ አልዋሽም።

ፋናም ዜናውን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ቶሎ ቶሎ በመልቀቅ ሰውን አስለምዷል። የሚገርመው፣ ማታ 2 ሰዓት ዜና የሚባለውን ነገር የገደለው ይሄ ነው። ከ1957 ጀምሮ ይቺ ሀገር ለብዙ ዓመት አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነበር የነበራት፣ 2 ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ ልጅ ዝም በል ይባላል። በስልክ ወሬን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሼው ነበር። ማታ ዜናውን ስከፍት እማዬ "ኧረ ይሄን ቀን ነግረኸኛል" ትለኛለች። ታዲያ ዜናው ቀን በቴሌግራም ያልነገረኝን ምን ጨመረልኝ? ብዙ ጊዜ ምንም። ያው ጽሑፍ ነው፣ ሰው ቆሞ ያነበዋል። ቀን አጭሩን ሰጥቶ ማታ "ለምን ሆነ" የሚለውን የሚያብራራ ጣቢያ ቢኖር ዳታዬን በደስታ አቃጥልለት ነበር።

አፕሊኬሽኖችን በተመለከተ አጭር ነኝ። ሦስት አወረድኩ። አንዱ የስልክ ማውጫዬን ለማየት ፈቃድ ጠየቀኝ (ለምን? ዘመዶቼን ሊጋብዝ?)። አንዱ ሲከፈት ዩቲዩብን ራሱን በጠባብ መስኮት ያሳያል። ሦስተኛው እየተሽከረከረ ቀረ። ሦስቱንም አጠፋኋቸው። ስም አልጠራም፣ ሠሪዎቹ ራሳቸውን ያውቃሉ።

አርዕስት ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። በሳተላይት ከረባቱን አስሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ጣቢያ ዩቲዩብ ላይ ሲደርስ እንደ ታክሲ ረዳት ይጮሃል። "ሰበር!" ይላል፣ ውስጡ የትናንት ስብሰባ ነው። የሚያለቅስ ፊት፣ ቀይ ቀስት፣ "ያልተጠበቀው ሆነ"። ከፍታችሁ ስታዩ የሆነ ነገር የለም፣ ተዋናይዋ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው ያለቀሰችው። ይሄ ዘዴ አንድ ቀን ይሠራል። በሁለተኛው ቀን እማዬ እንኳ ነቃች፣ "እሱን ተወው ውሸታም ነው" ትላለች፣ ጣቢያውን ነው እንግዲህ፣ ስንት ዓመት ያየችውን ጣቢያ። ደግሞ "ቀጥታ ስርጭት" የሚል ቀይ ምልክት ለጥፎ ከቀናት በፊት ያለቀ ፕሮግራም የሚያስኬድም አይቻለሁ። እኔ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው የነቃሁት፣ አቅራቢው "ነገ ማክሰኞ" ሲል። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ወደ እማዬ ድራማ እንሂድ፣ እውነተኛው ፈተና እሱ ነው። እማዬ የቱርክ ድራማ ሱሰኛ ናት። በ2008 ካና ሲጀምር በአማርኛ የተተረጎሙትን ድራማዎች ያየች እናት ሁሉ ያው ናት መሰለኝ። ያኔ አርቲስቶቻችን "የሀገር ሥራ ይገድላል" ብለው ተቃውመው ነበር፣ እማዬ ግን አላማከሩኝም ብላ ቀጠለች። አሁን የምትከታተለው በሌላ ጣቢያ የሚታይ ነው። ዩቲዩብ ላይ ፈለግኩላት። የለም። ማስታወቂያው አለ፣ ድራማው የለም። ከውጭ የተገዛ ድራማ በቴሌቪዥን የማሳየት መብትና በኢንተርኔት የማሳየት መብት ለየብቻ ነው የሚሸጠው፣ የቴሌቪዥኑን ብቻ የገዛ ጣቢያ ዩቲዩብ ላይ ልጫን ቢል ቪዲዮው ይነሳበታል። ይሄ ይገባኛል። እማዬ ግን አልገባትም። "እኔ በቴሌቪዥን ሳየው የነበረውን ማን ከለከለኝ?" አለች። ምን ልበላት?

የጎረቤት ልጅ በቴሌግራም አገኘላት። ሰው ቴሌቪዥኑን በስልክ እየቀረጸ የለቀቀው። ከድራማው ድምፅ በላይ የቀራጩ ቤት ድምፅ ይሰማል፣ ሰሃን ይንኳኳል፣ ህጻን ያለቅሳል። አንዱ ክፍል ላይ ፍቅረኞቹ ሊለያዩ ሲሉ ቀራጩ አስነጠሰ። እማዬ "ይማርህ" አለችው።

የሀገር ውስጥ ተከታታይ ድራማዎች በዚህ በኩል ይሻላሉ። መብቱ የራሳቸው ስለሆነ በቴሌቪዥን በታየበት ሌሊት የሚጭኑ አሉ፣ "ክፍል 12" "ክፍል 13" ብለው በቁጥር። ቁጥሩን ማድነቄ አይግረማችሁ፣ ቁጥር የማይጽፉም አሉ፣ እና የሟቹን ቀብር አይተን በማግስቱ ሠርጉን ያየንበት ድራማ አለ።

አሳጥሩት፣ ቁረጡት እያልኩ ለእህቴ በስልክ ሳማርር አንድ ያላሰብኩትን ነገረችኝ። እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ቀን ልብስ ስትተኩስ በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ የሀገር ቤት ፕሮግራም ትሰማለች፣ በአሠሪዎቿ ዋይፋይ። "እባክህ ረጅሙን አታስቆርጥብኝ" አለች። ለእሷ አጭር ቪዲዮ ማለት በየሦስት ደቂቃው እጇን አድርቃ ስልክ መነካካት ነው። ሁለት ሰዓት የሚሄድ ወሬ ካገኘች ቀኗ ቶሎ ያልፋል። እውነቷን ነው። እንግዲህ ሁለቱንም ማድረግ ነው፣ ረጅሙን ሙሉውን አንድ ላይ መጫን፣ ከስሩ ደግሞ "እንግዳው የገባው 14ኛው ደቂቃ ላይ" ብሎ ሰዓቱን መጻፍ። ነፃ ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው። በወሩ ውስጥ እንዲህ ያደረገ አንድ ጣቢያ ብቻ አገኘሁ፣ እሱም አንዳንዴ ነው።

ሌላ ሳልጠቅስ የማላልፈው፣ ይሄ ሁሉ የቆመው በሰው ቤት ላይ ነው። ዩቲዩብ የጣቢያዎቻችን አይደለም። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው አምስት ወር ሀገሩ በቪፒኤን (እገዳውን በሚያልፍ አፕ) ነበር የከረመው። ያኔ ቪፒኤን የማያውቅ የእማዬ ዕድሜ ሰው ምንም አልጎደለበትም፣ ዲሽ ነበረው። ዛሬ ዲሹን አውርዶ ወደ ስልክ የሄደ ሰው ያኔ ቢሆን ባዶ ቤት ይቀር ነበር። ሳተላይትም አይነካም ማለቴ አይደለም፣ ኢሳት በየጊዜው እየታፈነ ፍሪኩዌንሲ ሲቀያይር አባዬ ሪሲቨሩ ፊት ቁጭ ብሎ ሰርች ሲያደርግ ነው ያደግኩት። ብቻ አንዱ ሲዘጋ ሌላው መኖሩ ደግ ነው።

ኳስ? ኳስን በስልክ አትሞክሩት። ከታች ያለው ዲኤስቲቪ ቤት "ጎ..." ብሎ ሲጮህ የኔ ስልክ ላይ ኳሱ ገና መሃል ሜዳ ነው። ወርጄ ብር ከፍዬ አየሁ።

ከዚያ በዓል መጣ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጣቢያዎቹ ሁሉ የበዓል ፕሮግራማቸውን የሚያወጡበት ሰዓት ነው፣ ዘፈኑ፣ ቀልዱ፣ አበባየሆሽ። አክስቴ ከነልጆቿ መጣች። ሰባት ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ የስኳር ዕቃ። ትልቁ ልጅ ፊት ያለውን ይገፋል፣ ትንሹ ያለቅሳል፣ አክስቴ "አንተ ልጅ፣ ደሞዝ የምትበላው ለምንድን ነው?" ብላ በሰው ፊት ጠየቀችኝ። በመሃል የጓደኛዬ የእንኳን አደረሰህ ጥሪ ገባና ዘፋኙ ጠፋ። በዚያ ቅጽበት ይሄን ግምገማ ዜሮ ብዬ ልዘጋው ወስኜ ነበር።

መብራት ጠፋ።

ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ ጨለመ። የጎረቤቱ ትልቅ ቴሌቪዥን ጠፋ፣ የታችኛው ቤት ቴፕ ጠፋ። የኔ ስልክ 61 በመቶ ባትሪ ነበረው፣ ኔትወርኩም እንዳጋጣሚ አልሄደም። ሻማ ተለኮሰ። ዘፈኑ ከቆመበት ቀጠለ፣ ከቆመበት! ዲሽ ይሄን አይችልም፣ ያለፈው አለፈ ነው። የጎረቤት ልጆች "እትዬ፣ እናንተ ጋ ቲቪ አለ እንዴ?" እያሉ በሩን አንኳኩ። 144 ላይ አደረግኩት፣ የዘፋኙን ፊት ማንም አልለየውም፣ ማንም ግድ አልሰጠውም።

እንግዲህ ነጥብ ከተባለ፦ ለብቻው ለሚያይ፣ ታክሲ ውስጥ ለሚሰማ፣ ውጭ ሀገር ላለ፣ ለቃለ መጠይቅና ለሀገር ውስጥ ድራማ፣ በስልክ ማየት ከ10 ስምንት። ለቤተሰብ፣ ለትርጉም ድራማ፣ ለኳስ፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው፣ ሦስት። ዋይፋይና ኢንተርኔት የሚገባ ቴሌቪዥን ካላችሁ ሂሳቡ ሌላ ነው፣ የኔን አትስሙ። በሞባይል ዳታ የምታዩ ግን ጥራቱን "አውቶ" ላይ አትተዉት፣ ከፍ ያለውን ይመርጥና ጥቅሉን ማታውኑ ይጨርስላችኋል። 240 ላይ አድርጉት። የምትወዱትን ጣቢያ ራሳችሁ ስሙን ጽፋችሁ ግቡ እንጂ ፊታችሁ የመጣውን አትንኩ፣ ሎጎውን ሰርቆ የሚጭን አስመሳይ ብዙ ነው።

ዲሽ ሠሪው መስከረም 5 መጣ። "ዛሬ ነገ ብዬህ አልነበር?" አለኝ፣ በኩራት። ኤልኤንቢ ቀየረ፣ ሰሃኑን በመዶሻ አቃና፣ ጣራ ላይ ሆኖ "አሁንስ? አሁንስ?" እያለ ወደ ምሥራቅ ገፋ፣ እኔ በመስኮት "መጣ! ኧረ ሄደ! መጣ!" አልኩ። ማታ እማዬ ሶፋዋ ላይ ተመቻችታ ሪሞቱን ያዘች፣ ድራማዋ ጀመረ፣ ማንም አላስነጠሰም።

ስልኬን ልወስድ እጄን ወደ ስኳር ዕቃው ስሰድ ያዘችኝ።

"ተወው እዚያ" አለች። "መብራት ቢጠፋስ?"